ዲዲኤል ኮማንዶች፦ ዳታቤዝ ስለመፍጠር፣ ቴብል ስለመቀየርና ስለማጥፋት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዳታቤዝ መማር የጀመሩ ልጆች እየደጋገሙ የሚጠይቁኝን ነገር አንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልስ ብዬ ነው። ኮማንዶቹን እንደሚነበቡ አድርጌ ነው የጻፍኳቸው፣ እናንተ ስትጽፏቸው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ምሳሌው ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፦ ተማሪ፣ ኮርስ እና ምዝገባ የሚባሉ ሶስት ቴብሎች (ሰንጠረዦች) ያሉት ትንሽ ዳታቤዝ።

ዲዲኤል ማለት ምን ማለት ነው? ከሌላው ኤስኪውኤል በምን ይለያል?

ኤስኪውኤል ዳታቤዝን የምናዝበት ቋንቋ ነው፣ ዲዲኤል (ዳታ ዴፊኒሽን ላንጉጅ) ደግሞ ከእሱ ውስጥ የዳታውን ቅርጽ የምትናገሩበት ክፍል ነው። ምን ምን ቴብል አለ፣ እያንዳንዱ ቴብል ምን ምን ኮለም (ዓምድ) አለው፣ ኮለሙ ውስጥ ቁጥር ነው ቀን ነው ጽሁፍ ነው የሚገባው፣ ምን አይነት ዳታ አይገባም፣ ይሄ ሁሉ በዲዲኤል ነው የሚነገረው። ዋናዎቹ ኮማንዶች ክሬት (መፍጠሪያ)፣ ኦልተር (መቀየሪያ)፣ ድሮፕ (ማጥፊያ) እና ትራንኬት (ባዶ ማድረጊያ) ናቸው። ኢንሰርት (ዳታ ማስገቢያ)፣ አፕዴት (ማስተካከያ) እና ዲሊት (ማጥፊያ) ግን ዲኤምኤል (ዳታ ማኒፑሌሽን ላንጉጅ) ነው የሚባሉት፣ እነሱ ቅርጹን አይነኩም ውስጡ ያለውን ዳታ ነው የሚነኩት። ግራንት እና ሪቮክ ደግሞ ፈቃድ መስጫና መንሻ ናቸው።

ሃሳቡ የቆየ ነው። ኤድጋር ኮድ አይቢኤም እየሰራ በ1970 ሪሌሽናል ሞዴልን (ዳታን በሰንጠረዥ የማስቀመጥን ሃሳብ) የሚያስረዳውን ጽሁፍ አወጣ፣ ከዛ ቻምበርሊን እና ቦይስ በ1974 ሲክዌል የሚባለውን ቋንቋ አመጡ፣ እሱ ነው ኋላ ላይ ኤስኪውኤል የተባለው፣ በ1986 ደግሞ በአሜሪካ ስታንዳርድ ሆነ። ስታንዳርድ ነው ማለት ግን ሁሉም ዳታቤዝ አንድ አይነት ነው ማለት አይደለም፣ በተለይ ዲዲኤል ላይ ልዩነታቸው ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ከዚህ በታች ማይኤስኪውኤል እንዲህ ነው ፖስትግሬስ እንዲህ ነው እያልኩ የምለያየው ለዛ ነው። እነዚህ ሁለቱ፣ ኤስኪውላይት፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር እና ኦራክል የዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ናቸው።

ክሬት ዳታቤዝ ስል እና ክሬት ስኪማ ስል ልዩነት አለው?

ማይኤስኪውኤል ላይ የለውም፣ ሁለቱም አንድ ናቸው። ፖስትግሬስ ላይ ግን ስኪማ ዳታቤዝ ውስጥ ያለ ክፍልፋይ ነው፣ አንድ ዳታቤዝ ብዙ ስኪማ ሊኖረው ይችላል፣ ዝም ካላችሁ ቴብላችሁ ፐብሊክ የሚባለው ስኪማ ውስጥ ይገባል። ኤስኪውላይት ላይ ደግሞ ክሬት ዳታቤዝ የሚባል ነገር ራሱ የለም፣ ፋይሉ ነው ዳታቤዙ።

ቴብል ስፈጥር ለእያንዳንዱ ኮለም የዳታ ታይፑን በምን ልምረጥ?

ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያልፈው ይሄን ነው፣ በኋላ ብዙ ስራ የሚያመጣውም ይሄው ነው። ሁሉንም ቫርቻር 255 (ርዝመቱ እስከ 255 የሆነ ጽሁፍ) አድርጎ መሄድ በጣም የተለመደ ነው፣ ይሰራል፣ ችግሩ የሚታየው ግን ከስድስት ወር በኋላ ነው። ቀን በጽሁፍ ካስቀመጣችሁ አንዱ ቀኑን አስቀድሞ ሌላው ወሩን አስቀድሞ ይጽፈዋል፣ ከዛ በቀን ቅደም ተከተል ደርድርልኝ ስትሉት በፊደል ነው የሚደረድርላችሁ። ቀን ከሆነ ዴት በሉት፣ ሰዓትም ካስፈለገ ታይምስታምፕ።

ቁጥር ላይ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) 4 ባይት ነው፣ እስከ 2,147,483,647 ድረስ ይይዛል። ለተማሪ ቴብል ከበቂ በላይ ነው፣ እያንዳንዱን ክሊክ ለሚመዘግብ ሎግ ቴብል ግን ሊያልቅ ይችላል፣ ያለቀ ቀን ኢንሰርት ማድረግ ይቆማል፣ እዛ ቦታ ከመጀመሪያው ቢግኢንት (ከኢንት የሚበልጥ ቁጥር የሚይዘው) አድርጉት። ገንዘብን በፍሎት (ነጥብ ያለውን ቁጥር በግምት በሚይዘው) አታስቀምጡ፣ እባካችሁ። ፍሎት 0.1ን በትክክል መያዝ አይችልም፣ የሚቀርበውን ቁጥር ነው የሚይዘው፣ እና ብዙ ረድፍ ስትደምሩ ሂሳቡ ይዛነፋል። ዴሲማል 10 ኮማ 2 ካላችሁ በጠቅላላው 10 አሃዝ፣ ከነጥብ በኋላ 2 አሃዝ ማለት ነው፣ እሱ በትክክል ይይዛል።

ስልክ ቁጥር ደግሞ ቁጥር ይባላል እንጂ ቁጥር አይደለም። ማንም ስልክ ከስልክ ጋር አይደምርም፣ ኢንት ካደረጋችሁት ፊት ያለው 0 ይጠፋል፣ የመደመር ምልክቱም አይገባም፣ ስለዚህ ቫርቻር ነው። እኔ ራሴን የምጠይቀው ጥያቄ ይሄ ነው፦ በዚህ ነገር ላይ ሂሳብ እሰራበታለሁ ወይ? ካልሰራሁበት ጽሁፍ ነው።

በአማርኛ ያስገባሁት ስም ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይመጣል፣ ምን አጠፋሁ?

ይሄን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። አብዛኛውን ጊዜ ዳታው ሲገባ ነው የተበላሸው፣ ሲወጣ አይደለም፣ ስለዚህ አንዴ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተቀመጠ ሴቲንግ በመቀየር አይመለስም፣ ዳታውን እንደገና ማስገባት ነው ያለው።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ከሆናችሁ ኮለሙን ቫርቻር ሳይሆን ኤንቫርቻር ማድረግ አለባችሁ፣ ያም ብቻ አይበቃም፣ ኢንሰርት ስታደርጉ ከጽሁፉ ጥቅስ ምልክት ፊት ኤን የምትለዋን ፊደል ማድረግ ያስፈልጋል፣ እሷን ስለረሷት ኮለሙን ቀይሬ አሁንም አልሰራም የሚሉ ብዙ ናቸው። ማይኤስኪውኤል ላይ ከ8.0 በፊት ዲፎልቱ (እናንተ ካልመረጣችሁ የሚወሰደው) የፊደል አያያዝ ላቲን1 ነበር፣ እሱ የግዕዝ ፊደል አያውቅም። ከ8.0 ጀምሮ ዲፎልቱ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ሆኗል። እዛው ማይኤስኪውኤል ላይ ዩቲኤፍ8 ብቻ የሚባለው በአንድ ፊደል እስከ 3 ባይት ብቻ የሚይዝ ነው፣ የተለመዱት የግዕዝ ፊደላት 3 ባይት ስለሆኑ ይገባሉ፣ ኢሞጂ ግን 4 ባይት ስለሆነ አይገባም፣ ስለዚህ ሳታስቡ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጉት።

ርዝመቱ ላይም ተጠንቀቁ። ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል ላይ ቫርቻር 50 ማለት 50 ፊደል ነው። ኦራክል ላይ ግን ዲፎልቱ ካልተቀየረ የሚቆጥረው ባይት ነው፣ እና 50 ባይት ለ3 ስታካፍሉት 16 የአማርኛ ፊደል ብቻ ነው፣ የአባት ስም ሲጨመርበት አይበቃም። መፍትሄው ከ50 ጎን ቻር የሚለውን ቃል መጨመር ነው፣ ያኔ በፊደል ይቆጥራል።

ቴብሉንና ኮለሙን ራሱ በአማርኛ መሰየም እችላለሁ?

ፖስትግሬስም ማይኤስኪውኤልም ይቀበላሉ። እኔ ግን አልመክርም። ምክንያቱ የራሳችን ፊደል ነው፦ አንዱ ሠራተኛ ብሎ በሠ ይጽፋል ሌላው ሰራተኛ ብሎ በሰ ይጽፋል፣ ለእኛ አንድ ቃል ነው ለዳታቤዙ ግን ሁለት የተለያዩ ቴብሎች ናቸው፣ እና ቴብሉ የለም የሚል ኤረር ስታዩ አይናችሁ ልዩነቱን ቶሎ አያይላችሁም። ሌላው ደግሞ የፖስትግሬስ የስም ጣሪያ 63 ባይት ነው፣ በአማርኛ 21 ፊደል ማለት ነው፣ ከዛ በላይ ከሆነ ማስታወቂያ ብቻ ሰጥቶ ቆርጦ ያስቀምጠዋል።

ይሄው የፊደል ነገር ዳታው ላይም አለ። ስም ላይ ዩኒክ (አይደገም) ብላችሁ ጸሐይ እና ፀሀይ ብታስገቡ ሁለቱንም ይቀበላል። ዩኒክ የሚለው ፊደሉን ነው የሚያየው ድምጹን አያውቅም፣ ስለዚህ ተመሳሳይ ፊደሎቹን ከማስገባታችሁ በፊት ወደ አንድ መልክ ማምጣት የእናንተ ስራ ነው።

በእንግሊዝኛም ስትሰይሙ ኦርደር፣ ዩዘር፣ ግሩፕ የሚሉትን ስሞች ተዋቸው፣ የኤስኪውኤል ቃላት ስለሆኑ ያጣሏችኋል። ሁሉንም በትንሹ ፊደል ጻፉ፣ ቃላቱን በታች ሰረዝ አያይዙ፣ በቃ።

ፕራይመሪ ኪ ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ቢሆን ምን ችግር አለው?

ፕራይመሪ ኪ እያንዳንዱን ረድፍ ለይቶ የሚያሳውቅ ኮለም ነው፣ ሰው ደግሞ ስልክ ይቀይራል። ፕራይመሪ ኪውን ምዝገባ ቴብል ይዞታል፣ ነገ ክፍያ ቴብል ብትጨምሩ እሱም ይይዘዋል፣ እሱ ሲቀየር ሁሉም ቦታ መቀየር አለበት። ትርጉም የሌለው፣ ራሱ የሚጨምር ቁጥር ፕራይመሪ ኪ አድርጉ፣ ስልኩን ደግሞ ኖት ነል (ሳይገባ የማይታለፍ) እና ዩኒክ አድርጉት፣ ያኔ ድግግሞሹም ይከለከላል ቁጥሩም በነጻነት ይቀየራል። ምዝገባ ላይ ግን ተማሪውና ኮርሱ አንድ ላይ ፕራይመሪ ኪ ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ አንድ ተማሪ አንድ ኮርስ ላይ ሁለቴ እንዳይመዘገብ ያደርጋል።

ፎሪን ኪ ስጨምር ኤረር ይሰጠኛል፣ ምንድነው የማየው?

ፎሪን ኪ የአንዱ ቴብል ኮለም ሌላ ቴብል ውስጥ ያለን ረድፍ እንዲጠቁም የሚያደርግ ህግ ነው። መጀመሪያ ታይፑን እዩ። ተማሪ ላይ ያለው መለያ ቢግኢንት ሆኖ ምዝገባ ላይ ያለው ኢንት ከሆነ ማይኤስኪውኤል እምቢ ይላል፣ አንዱ አንሳይንድ (ኔጋቲቭ ቁጥር የማይቀበል) ሆኖ ሌላው ካልሆነም እንደዛው፣ ያ 150 የሚል ቁጥር ያለበት ኤረር አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ የምትጠቁሙት ኮለም ፕራይመሪ ኪ ወይም ዩኒክ መሆን አለበት። ሶስተኛ፣ የምትጠቁሙት ቴብል አስቀድሞ መፈጠር አለበት፣ ተማሪና ኮርስ ቀድመው ምዝገባ ቀጥሎ፣ ስታጠፉ ደግሞ ምዝገባ ይቀድማል። ሁለት ቴብሎች እርስ በርስ የሚጠቋቆሙ ከሆነ ሁለቱንም ያለ ፎሪን ኪ ፍጠሩና ከዛ በኦልተር ቴብል ጨምሩት። አራተኛ ዳታ ያለበት ቴብል ከሆነ ባለቤት የሌለው ረድፍ ሊኖር ይችላል፣ የሌለ ተማሪ የሚጠቁም ምዝገባ ማለት ነው፣ እሱን ፈልጋችሁ ሳታስተካክሉ አይቀበላችሁም፣ አለመቀበሉም ትክክል ነው።

ኤረር ባይኖርም ፎሪን ኪው የማይሰራበት ጊዜ አለ። ኤስኪውላይት ላይ ፎሪን ኪ ዲፎልቱ ጠፍቶ ነው ያለው፣ በየኮኔክሽኑ በፕራግማ (በኤስኪውላይት የሴቲንግ ትዕዛዝ) ማብራት አለባችሁ። ማይኤስኪውኤል ደግሞ ዳታውን የሚያስቀምጥባቸው የተለያዩ ሞተሮች አሉት፣ ማይአይሳም የሚባለው የድሮው ትዕዛዙን ተቀብሎ ዝም ነው የሚለው፣ አይፈትሽም፣ ኢኖዲቢ የሚባለው ነው የሚፈትሸው።

ኦን ዲሊት ካስኬድን በተመለከተ፣ ተማሪው ሲጠፋ ምዝገባው አብሮ ይጥፋ ማለት ነው። ምዝገባው ያለ ተማሪው ትርጉም ከሌለው ልክ ነው። የክፍያ ታሪክ ላይ ግን እንዳታደርጉት፣ አንድ ሰው ዲሊት ስላደረጋችሁ የሂሳብ መዝገብ አብሮ ይሄዳል፣ እዛ ላይ ሪስትሪክት (የሚጠቁመው ካለ አይጥፋ የሚለው) ነው የሚሻለው።

አፑ ላይ ቼክ እያደረግኩ ዳታቤዙ ላይ ኮንስትሬንት (ዳታው ላይ የሚጣል ህግ) ማድረግ ለምን ያስፈልገኛል?

ከሁሉም ጥያቄ በላይ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። አፑ አንዱ በር ብቻ ነው። ነገ ሌላ ሰው ዳታ ከኤክሴል ያስገባል፣ ከነገ ወዲያ ሞባይል አፕ ይሰራል፣ አንዱ ቀን ደግሞ እናንተ ራሳችሁ በእጃችሁ አፕዴት ትጽፋላችሁ፣ እነዚህ ሁሉ አፑ ላይ ያለውን ቼክ አያውቁትም። ዳታቤዙ ላይ ያለውን ህግ ግን ማንም አያልፈውም። ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት ያንኑ ኢሜይል ሲያስገባ አፑ ሁለቱንም ጊዜ ፈልጎ የለም ይላል፣ ሁለቱም ይገባሉ፣ ይሄን የሚያስቆመው ዩኒክ ብቻ ነው።

ውጤት ከ0 እስከ 100 ከሆነ ዳታቤዙ ላይ ቼክ የሚባለውን ኮንስትሬንት ጻፉለት፣ ስም ሳይገባ መቅረት ከሌለበት ኖት ነል በሉት። ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙ ቨርዥናችሁን እዩ፣ ከ8.0.16 በፊት ቼክን ይቀበለዋል ግን አይተገብረውም ነበር፣ ህግ አለኝ ብላችሁ ስታምኑ የለም ማለት ነው። ለኮንስትሬንታችሁም ስም ስጡት፣ ያለ ስም ከተዋችሁት ዳታቤዙ ራሱ ይሰይመውና በኋላ ድሮፕ ልታደርጉት ስትፈልጉ ስሙን ፍለጋ ትገባላችሁ።

ዲሊት፣ ትራንኬት እና ድሮፕ ልዩነታቸው ምንድነው?

ዲሊት ረድፍ ነው የሚያጠፋው፣ ዌር ብላችሁ የትኛውን እንደሆነ መምረጥ ትችላላችሁ። ትራንኬት ረድፎቹን በሙሉ ባንዴ ያጠፋል፣ ቴብሉ ባዶውን ይቀራል፣ ረድፍ በረድፍ ስለማይሄድ ፈጣን ነው። ድሮፕ ቴብሉን ራሱን ያነሳዋል፣ ኢንዴክሱም (ፍለጋ የሚያፈጥነው ማውጫ) ህጉም አብሮ ይሄዳል። ትራንኬት ካደረጋችሁ በኋላ ማይኤስኪውኤል ላይ የሚጨምረው ቁጥር ከ1 ይጀምራል፣ ፖስትግሬስ ላይ ግን ሪስታርት አይደንቲቲ ካላላችሁት ካቆመበት ይቀጥላል። ሌላ ቴብል በፎሪን ኪ የሚጠቁመው ከሆነ ሁለቱም ትራንኬትን ይከለክላሉ፣ ፖስትግሬስ ላይ ካስኬድ ብትሉት ያልፋል፣ ግን የሚጠቁሙትን ቴብሎች በሙሉ አብሮ ባዶ እንደሚያደርጋቸው እወቁ።

ድሮፕ ያደረግኩትን ቴብል ሮልባክ ብዬ መመለስ እችላለሁ?

ኮሚት የሰራችሁትን ማጽደቅ ነው፣ ሮልባክ ደግሞ ያልጸደቀውን መሰረዝ። መመለሱ እንደ ዳታቤዙ ነው። ፖስትግሬስ ላይ ቢጊን ብላችሁ ትራንዛክሽን (አብሮ የሚጸድቅ ወይም አብሮ የሚሰረዝ ስራ) ጀምራችሁ ከነበረና ኮሚት ካላላችሁ አዎ፣ ድሮፕ ቴብልም ኦልተርም ትራንኬትም ይመለሳል፣ ድሮፕ ዳታቤዝ ግን ትራንዛክሽን ውስጥ አይገባም። ኤስኪውኤል ሰርቨርና ኤስኪውላይትም ድሮፕ ቴብልን ይመልሳሉ። ማይኤስኪውኤልና ኦራክል ግን ዲዲኤል ሲያዩ ሳይጠይቋችሁ ኮሚት ያደርጋሉ፣ እና እሱ ብቻ አይደለም፣ ከዲዲኤሉ በፊት የሰራችሁት ኮሚት ያልተደረገ አፕዴትም አብሮ ኮሚት ይሆናል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ኦራክል ሪሳይክል ቢን (የተጣለው የሚቆይበት ቦታ) ስላለው፣ እሱ ካልተዘጋና ፐርጅ (ጭራሽ አጥፋው) ካላላችሁ በፍላሽባክ ትዕዛዝ ቴብሉን ማምጣት ይቻላል። ማይኤስኪውኤል ላይ ባክአፕ ነው ያለው።

ይሄን በደንብ የተማርኩት ሁለት መስኮት ከፍቼ እየሰራሁ በነበረበት ምሽት ነው፣ አንዱ የመሞከሪያው ሰርቨር ሌላው ሰው የሚጠቀምበት፣ ትራንኬቱን የጻፍኩት በሁለተኛው ላይ ነበር። ባክአፑ የሌሊቱ ስለነበር የዚያን ቀን ሙሉ የገባው ዳታ ከወረቀት ተለቅሞ እንደገና እስኪገባ ሶስት ቀን ፈጀ፣ እነዛን ወረቀቶች ቁጭ ብለው ያስገቡት ደግሞ ምንም ያላጠፉ የስራ ባልደረቦቼ ናቸው። ከዛ ወዲህ ሰው በሚጠቀምበት ዳታቤዝ ላይ የምገባበት ዩዘር የድሮፕም የትራንኬትም ፈቃድ የለውም፣ ሲያስፈልገኝ በሌላ ዩዘር አስቤበት ነው የምገባው። እናንተም እንደዛ አድርጉ፣ አፑ የሚገባበት ዩዘር በተለይ ዲዲኤል ምንም አያስፈልገውም።

ሰው እየተጠቀመበት ያለ ቴብል ላይ ኦልተር ማድረግ ችግር አለው?

ትንሽ ቴብል ከሆነ ብዙም አይታወቅም። ትልቅ ከሆነ ግን ምን አይነት ኦልተር እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። አዲስ ኮለም መጨመር ዛሬ ቀላል ነው፣ ፖስትግሬስ ከ11 ጀምሮ ቋሚ ዲፎልት ያለው ኮለም ሲጨመር ቴብሉን በሙሉ እንደገና አይጽፍም፣ ማይኤስኪውኤልም ከ8.0.12 ጀምሮ ወዲያው የሚጨምርበት መንገድ አለው። ኢንትን ወደ ቢግኢንት መቀየር ግን ፖስትግሬስ ላይ ሙሉውን ቴብል ያስጽፈዋል፣ ጽፎ እስኪጨርስ ማንም አያነብም ማንም አይጽፍም።

ደግሞ አንድ የሚደበቅ ነገር አለ። ኦልተሩ ራሱ አንድ ሰከንድ የማይፈጅ ቢሆንም ከፊቱ ረጅም ሴሌክት እየሰራ ከሆነ ቆሞ ይጠብቃል፣ እሱ ቆሞ ሳለ ደግሞ ከኋላው የመጣው ሁሉ እሱን ይጠብቃል፣ እና ሰዉ ሲስተሙ ቆመ ይላል። ፖስትግሬስ ላይ ሎክ ታይምአውት (ተራ የሚጠብቅበትን ገደብ) 2 ወይም 3 ሰከንድ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ካልተሳካ ራሱ ይተወዋል፣ ቆይታችሁ ትሞክራላችሁ።

ኖት ነል የሆነ ኮለም ያለ ዲፎልት ዳታ ያለበት ቴብል ላይ ስትጨምሩ ፖስትግሬስ ኤረር ይሰጣችኋል፣ ማይኤስኪውኤል ግን ቁጥር ከሆነ 0 ጽሁፍ ከሆነ ባዶ አድርጎ ይሞላዋል፣ እኔ ኤረሩን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም 0 ያገኘ ተማሪና ውጤቱ ያልገባ ተማሪ አንድ አይደሉም።

የኮለም ስም መቀየር ብፈልግስ?

ትዕዛዙ ቀላል ነው፣ ሪኔም ኮለም ነው፣ ግን ስሙ በተቀየረበት ቅጽበት የድሮውን ስም የሚጠራው አፕ ይቆማል። ስለዚህ አዲስ ኮለም ጨምሩ፣ አፑ ለጊዜው ሁለቱም ላይ ይጻፍ፣ የድሮውን ዳታ ወደ አዲሱ ገልብጡ፣ አፑ ከአዲሱ ማንበብ ሲጀምርና ማንም የድሮውን እንደማይነካ ስታረጋግጡ ድሮፕ አድርጉት። ረጅም መንገድ ነው ግን ማንም ተጠቃሚ ሳያውቅ ያልቃል።

ኢንዴክስ መፍጠርም ዲዲኤል ነው?

አዎ፣ ክሬት ኢንዴክስ ነው። ፖስትግሬስ ለፎሪን ኪ ኮለም ራሱ ኢንዴክስ አይፈጥርም፣ ማይኤስኪውኤል ይፈጥራል፣ ስለዚህ ፖስትግሬስ ላይ ምዝገባ ውስጥ ኮርሱን ለሚይዘው ኮለም እናንተ ፍጠሩ። ሰው እየተጠቀመ ከሆነ ኮንከረንትሊ (የሚጽፉትን ሳታግድ ፍጠር) የሚለውን ጨምሩበት። ሁሉም ኮለም ላይ ግን አታድርጉ፣ እያንዳንዱ ኢንዴክስ ኢንሰርትን ያዘገያል።

ክሬት ቴብል ኢፍ ኖት ኤግዚስትስ ብዬ አዲስ ኮለም ጨምሬ ጻፍኩ፣ ኮለሙ ግን አልመጣም፣ ለምን?

ያ ትዕዛዝ ቴብሉ ከሌለ ፍጠር ማለት ነው፣ የሚያየው ስሙን ብቻ ነው። በዚያ ስም ቴብል ካለ ውስጡ ምን እንዳለ ሳያይ ያልፋል። ያለን ቴብል የሚቀይረው ኦልተር ነው።

የጻፍኳቸውን ዲዲኤሎች የት ላስቀምጥ?

ፋይል ውስጥ፣ በተራ ቁጥር፣ ከአፑ ኮድ ጋር ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) ላይ። መጀመሪያ ሶስቱን ቴብል የፈጠራችሁበት 001፣ ኢሜይል የጨመራችሁበት 002፣ እንደዛ እያለ ይሄዳል፣ አንዴ የሰራ ፋይል አይነካም፣ ስህተት ካለበት በሚቀጥለው ቁጥር ይታረማል። በግራፊክ መሳሪያ ክሊክ እያደረጉ መቀየር ለመማር ጥሩ ነው፣ ግን ምን እንደቀየራችሁ የሚያስታውስ የለም፣ የእናንተ ኮምፒውተር ላይ ያለው ዳታቤዝና ሰርቨሩ ላይ ያለው ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ፋይሎቹ ልክ መሆናቸውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ባዶ ዳታቤዝ ፍጠሩና ከ001 ጀምሮ በተራ አስኪዷቸው፣ ያለ ኤረር ካለቁና ቴብሎቹ ሰርቨሩ ላይ ካሉት ጋር አንድ ከሆኑ ልክ ናቸው። እኔ ይሄን ሰርቨሩ ላይ ማንኛውንም ኦልተር ከማስኬዴ በፊት አደርገዋለሁ፣ ባክአፑንም ያን ጊዜ ነው የምወስደው፣ ወስጄም አልተወውም፣ ሌላ ቦታ መልሼ ከፍቼ ረድፎቹን እቆጥራለሁ።